ለአሸናፊ ብቻ ያልተጻፈ ግብዣ

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ቦውሎች ቡድን የሚጠሩት እንዴት ነው? ሲጠሩስ ማንን ይተዋሉ?

በዲሴምበር መጀመሪያ፣ በአንድ እሁድ እኩለ ቀን ላይ፣ በመላው አሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ቡድኖች በየአዳራሻቸው ተሰብስበው ቴሌቪዥን ይጠብቃሉ። ተጫዋቾቹ የቡድናቸውን ቱታ ለብሰዋል። አንዳንዱ ክራንች ተደግፏል፤ አንዳንዱ ትከሻው ላይ በረዶ ታስሮለታል። ጥግ ላይ ካሜራ ተተክሏል፤ ስማቸው ሲጠራ ሲዘሉ ይቀርጻል፣ ሳይጠራ ሲቀርም ፊታቸውን ያሳያል። የወቅቱን ጨዋታ ጨርሰዋል፤ ከዚህ በኋላ በጉልበታቸው የሚለውጡት ነገር የለም። ውሳኔው ያለው ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው እጅ ነው።

በዚያው ሰዓት በሌላ ከተማ አንድ የቦውል አዘጋጅ ስልኩን ጆሮው ላይ ደግኖ ፊቱ ከተዘረጋው ዝርዝር ስሞች በእስክሪብቶ ይሰርዛል። ከእሱ በፊት የመምረጥ መብት ያላቸው ቦውሎች የወሰዷቸውን ቡድኖች እየቀነሰ ነው። የቀሩትን ሲመዝን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ደጋፊያቸው ይመጣል ወይ?

አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች ቦውል የሚለውን ስም በየዓመቱ በገና ሰሞን ይሰሙታል። ልጃቸው ሜሪላንድ፣ ኦሃዮ ስቴት ወይም ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የገባላቸው ወላጆች ደግሞ፣ ልጁ የዕረፍት ሳምንቱን ከጓደኞቹ ጋር ፍሎሪዳ ወይም ቴክሳስ ሄዶ ለማሳለፍ ገንዘብ ሲጠይቅ ነገሩ ቤታቸው ድረስ ይመጣል። ብዙ ሰው ቦውልን የዋንጫ ጨዋታ አድርጎ ነው የሚወስደው። ከጥቂቶቹ በስተቀር ግን ቦውል ማለት አንድ ከተማ ወይም ድርጅት አዘጋጅቶ፣ ሁለት ቡድን ጠርቶ፣ በወቅቱ ማብቂያ የሚያጫውተው ነጠላ ግጥሚያ ነው። ያሸነፈ ወደ ሌላ ዙር አያልፍም፤ የተሸነፈም ከምንም አይወርድም።

ሰርግ የሚደግስ ሰው የሚጠራቸውን ሲጽፍ ዝምድናን፣ ውለታንና ድግሱን ማን እንደሚያደምቅለት አስቦ ነው። የቦውል አዘጋጅም ጥሪውን የሚጽፈው የራሱን ድግስ እያየ ነው። ይህን ይዞ ለሚያነብ ሰው፣ በየዓመቱ ደጋፊዎችን የሚያናድደው ምርጫ አብዛኛው ይገባዋል። የማይገቡም አሉ።

ጽጌረዳ፣ ብርቱካን፣ ጥጥ

የነገሩ መነሻ የአየር ጠባይ ነው። ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለችው ፓሳዴና፣ የአሜሪካ ምሥራቅ በበረዶ በሚሸፈንበት ወር ጽጌረዳ ያብብባታል። አንድ የከተማዋ የአደን ክበብ ይህን ለአገር ለማሳየት በፈረንጆቹ 1890 በአዲስ ዓመት ዕለት በአበባ ያጌጡ ሠረገላዎችን አሰለፈ። በ1902 በዓሉን ለማድመቅ የፉትቦል ግጥሚያ ተጨመረ። ሚሺጋን ስታንፎርድን 49 ለ 0 እየመራ ሳለ ስታንፎርዶች ይብቃን አሉ፤ ጨዋታው ሰዓቱ ሳይሞላ ተቋረጠ። አዘጋጆቹም ፉትቦሉን ትተው ለዓመታት በሮማውያን ወግ የሠረገላ እሽቅድምድም፣ አልፎ አልፎም የሰጎን ውድድር አሳዩ። ፉትቦል የተመለሰው በ1916 ነው። አሮዮ ሴኮ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ያለው የሮዝ ቦውል ስታዲየም ደግሞ በ1922 ተከፈተ።

በ1930ዎቹ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አገሩን ሲያደቅቅ ሌሎች ሞቃት ከተሞች የፓሳዴናን ፈለግ ተከተሉ። ማያሚ ኦሬንጅ ቦውልን፣ ኒው ኦርሊንስ ሹገር ቦውልን በ1935 ጀመሩ፤ በ1937 ዳላስ ኮተን ቦውልን አስከተለች። ስሞቹ የየአካባቢው ምርት ናቸው፤ ብርቱካን፣ ስኳር፣ ጥጥ። ሐሳቡም ግልጽ ነበር። በክረምት ባዶውን የሚያድር ሆቴል አለ፤ ከሰሜን ብርድ ሸሽቶ መምጣት የሚፈልግ ሰው አለ፤ ሰውየውን በባቡር የሚያሳፍረው ምክንያት ብቻ ነው የጎደለው።

ስለዚህ ቡድን የሚመርጡት ኮሚቴዎች የተሞሉት በከተማው ነጋዴዎች፣ በባንክ ሰዎችና በሆቴል ባለቤቶች ነበር። የእነዚያ ኮሚቴዎች ወራሾች ዛሬም አሉ። የኦሬንጅ ቦውል ሰዎች ብርቱካናማ፣ የአሪዞናው ፊዬስታ ቦውል ሰዎች ቢጫ ኮት ለብሰው በኖቬምበር ከስታዲየም ስታዲየም ይዞራሉ። ኮታቸው ከሩቅ ይለያል፤ ብቅ ባሉበት ሜዳ ወሬው ወዲያው ይናፈሳል።

> ጥሪውን የሚጽፈው ከመጀመሪያውም የደጋሹ እጅ ነበር።

ተራ ጠብቆ መምረጥ

የመጀመሪያው መስፈርት ቀላል ነው። ከ12 ጨዋታ ቢያንስ ስድስቱን ያሸነፈ ቡድን ለቦውል ብቁ ይባላል። በከፍተኛው ዲቪዚዮን ከ130 በላይ ቡድኖች አሉ፤ ቦውሎቹ ደግሞ 40 ገደማ ስለሆኑ ከግማሽ የሚበልጠው ቡድን የሆነ ቦታ መጠራቱ አይቀርም። የሚያጨቃጭቀው የት የሚለው ነው። በአዲስ ዓመት ዕለት ኦርላንዶ? ወይስ ከገና በፊት፣ በሥራ ቀን፣ ሰው በማይመጣበት ከተማ?

እዚህ ላይ ኮንፈረንሶች ይገባሉ። ኮንፈረንስ እርስ በርሳቸው የሚጫወቱ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ነው፤ ሳውዝኢስተርን፣ ቢግ ቴን፣ ቢግ 12 እና ሌሎችም አሉ። እያንዳንዱ ቦውል ከአንድ ወይም ከዚያ በላይ ኮንፈረንስ ጋር ለዓመታት የሚቆይ ውል ይፈራረማል፤ የመምረጫ ተራውም በውሉ ላይ ይሰፍራል። ለምሳሌ ኦርላንዶ የሚካሄደው ሲትረስ ቦውል፣ ለብሔራዊ ሻምፒዮናነት የሚፎካከሩት ከተነሱ በኋላ፣ ከሳውዝኢስተርንና ከቢግ ቴን ቡድኖች መካከል ቀድሞ ይመርጣል። ቀጣዩ ቦውል ከተረፉት ይወስዳል፤ ከእሱ የሚቀጥለውም እንዲሁ። የተሻለ የከፈለ ተራው ወደ ፊት ይቀርባል። ሳውዝኢስተርን ከ2014 ወዲህ ከዚህ ትንሽ ለየት ያለ አሠራር ይዟል፤ ከሲትረስ ቀጥለው ያሉትን ስድስት ቦውሎች የኮንፈረንሱ ጽሕፈት ቤት ራሱ ዩኒቨርሲቲዎቹንም አዘጋጆቹንም ጠይቆ ይደለድላል።

ተራ የደረሰው ቦውል ግን የውጤት ሰንጠረዡን ተከትሎ ከላይ ያለውን እንዲወስድ የሚያስገድደው ነገር ጥቂት ነው። አንዳንድ ኮንፈረንሶች ብዙ ያሸነፈ ቡድን በጣም ዝቅ ባለ ቡድን እንዳይታለፍ ገደብ አስቀምጠዋል። በዚያ ገደብ ውስጥ ዘጠኝ ያሸነፈው ቀርቶ ስምንት ያሸነፈው ሲጠራ ማየት የተለመደ ነው። አዘጋጁ የሚያሰላው ሌላ ስሌት ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢያችን ስንት የቀድሞ ተማሪ አለው? ደጋፊው በመኪና መድረስ ይችላል ወይስ አውሮፕላን ያስፈልገዋል? ባለፈው ዓመት እዚሁ መጥቶ ከነበረ ዘንድሮ ይደግማል? የመጨረሻ ጨዋታውን አሸንፎ እየጨፈረ ነው የሚመጣው ወይስ በባላንጣው ተሸንፎ አኩርፎ?

በሥራው የቆዩ ሰዎች ከሁሉ የሚፈሩት ያኮረፈ ትልቅ ቡድን ነው። ለሻምፒዮናው ታጭቶ በመጨረሻው ሳምንት የወደቀ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ መቶ ሺህ ደጋፊ ቢኖረውም፣ ደጋፊው ለሐዘኑ ማስታገሻ ብሎ ሺህ ማይል አይጓዝም። ለረጅም ዓመታት ስሙ ያልተጠራ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ ግን ዋጋም አይጠይቅም፣ ቀንም አይመርጥም፤ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ተጭኖ ይመጣል።

የሆቴል ባለቤቶች የሚመኙት እንግዳ ከሩቅ የሚመጣ፣ ሦስት አራት ሌሊት የሚያድር፣ ቤተሰቡን ያስከተለ ነው። ሁለት ሰዓት ነድቶ መጥቶ ጨዋታውን አይቶ ማታውኑ የሚመለስ ሰው ወንበር ይሞላል እንጂ አልጋ አይሞላም። ስለዚህ በአንድ ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጡ የስታዲየምና የሆቴል ሰዎች ስለ አንድ ቡድን ሁለት ልብ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከሁለቱም በላይ የሚሰማው ድምፅ ግን የቴሌቪዥን ነው። የስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን የአብዛኞቹን ቦውሎች የማስተላለፍ መብት ይዟል፤ ከዚያም አልፎ በሥሩ ባለው ድርጅት በኩል ከ12 የሚበልጡት ቦውሎች ባለቤት ነው። በዕረፍት ሳምንት ቤቱ የተቀመጠ ሰው በቀትርም ጨዋታ ካገኘ ይከፍታል፤ ስታዲየሙ ግማሹ ባዶ ቢሆንም ማስታወቂያው ይሸጣል። ትንንሾቹ ቦውሎች ሳይሞቱ የቆዩት በዚህ ነው። በ2023 ኦርላንዶ ላይ፣ ፖፕ-ታርትስ በተባለው የቁርስ ብስኩት ስም የተሰየመው ቦውል ሲያበቃ፣ ሰው የሚያህል ብስኩት የለበሰው የቦውሉ አርማ ግዙፍ ቶስተር ውስጥ ገባ፤ በሥር በኩል የወጣውን የሚበላ ብስኩት አሸናፊዎቹ የካንሳስ ስቴት ተጫዋቾች ተሻሙት። ያን ዕለት ማን እንዳሸነፈ የማያስታውስ ሰው ብስኩቱን ያስታውሳል። የስፖንሰሩ ገንዘብ የተከፈለው ለዚህ ነው።

የተጠራ ሁሉ አያተርፍም። ለረጅም ጊዜ፣ ጥሪ የተቀበለ ዩኒቨርሲቲ በሺዎች የሚቆጠር ትኬት በራሱ ገንዘብ ወስዶ ለደጋፊው እንዲሸጥ ይገደድ ነበር። ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ በጃንዋሪ 2011 አሪዞና ለሚካሄደው ፊዬስታ ቦውል 17,500 ትኬት ተቀበለ። አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የሚሄድ ሰው በበቂ አልተገኘም፤ ዩኒቨርሲቲው ከሚሊዮን ዶላር በላይ ከስሮ፣ በሜዳም በኦክላሆማ 48 ለ 20 ተሸንፎ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ማርች ላይ የፊዬስታ ቦውል ዋና ሥራ አስኪያጅ ጆን ጁንከር ከሥራ ተባረረ። ሠራተኞች ለፖለቲከኞች ያዋጡት ገንዘብ ከቦውሉ ካዝና ይመለስላቸው እንደነበር፣ ለሥራ አስኪያጁ 50ኛ ዓመት ልደትም ከ30,000 ዶላር በላይ መውጣቱን የምርመራ ሪፖርት አጋለጠ። ሰውየው ኋላ ጥፋቱን አምኖ ታስሯል። የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት በጀት ከተማሪ ክፍያ ጭምር የሚሞላ ነው። አንዱ ከስሮ የከፈለውን ሌላው በልደት ድግስ ሲያጠፋው ማየት ዛሬም ያበሳጨኛል።

አምስት አሸንፎ መጠራት

ቦውሎቹ እየበዙ ሲሄዱ የሚጠራ ቡድን የሚያንስበት ዓመት መጣ። በ2015 የሚሞላው ቦታ 80 ነበር፤ ስድስት ያሸነፉት ሁሉ ተጠርተው ሦስት ቦታ ተረፈ። ያኔ የተወሰደው መፍትሔ ከአመራረጡ ሁሉ ልቤን የሚያሞቀው ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ተጫዋቾች በትምህርታቸው ምን ያህል እንደሚገፉ የሚለካበት ነጥብ አለው። አምስት አሸንፈው ሰባት ከተሸነፉት መካከል በዚህ ነጥብ የላቁት ቅድሚያ ተሰጣቸው። ነብራስካ፣ ሚኒሶታና ሳን ሆዜ ስቴት ገቡ፤ ሦስቱም የቦውል ጨዋታቸውን አሸነፉ። በ2021 ደግሞ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በኮሮና ምክንያት ከጌተር ቦውል ሲወጣ ረትገርስ በዚሁ መንገድ ተተካ። ክፍል ገብቶ የተማረ ልጅ በትምህርቱ የተነሳ ተጨማሪ ጨዋታ ያገኘበት ሌላ አጋጣሚ በዚህ ስፖርት አላውቅም።

«ሁለቱን ትታችሁ ኑ»

ደጋሹ የመሰለውን መጥራት መብቱ ነው የሚል ሰው በ1951 የሆነውን ማወቅ አለበት።

በዚያ ዓመት የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢየሱሳውያን የሚያስተዳድሩት ትንሽ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ ዘጠኝ ተጫውቶ ዘጠኙንም አሸነፈ። የመጨረሻውን ድል ሎዮላ ላይ ያገኘው እዚያው ፓሳዴና፣ ሮዝ ቦውል ስታዲየም ውስጥ ነበር። ኦሊ ማትሰን በዚያ ወቅት ኳስ ይዞ በመሮጥ በአገሩ አቻ አልነበረውም፤ በመከላከል በኩል ደግሞ በርል ቶለር ነበር። ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው። ቡድኑ ከደቡብ ጥሪ ሲጠባበቅ፣ ተጫዋቾቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደተናገሩት፣ አንድ መልዕክት ደረሳቸው፤ ማትሰንንና ቶለርን ትተው ከመጡ ቦውል አለ።

ቡድኑ እምቢ አለ። ሁለቱ ከሌሉ ማንም አይሄድም ተባለ፤ ነጮቹ ተጫዋቾች ኋላ ሲጠየቁ ያን ያህል የሚያወያይ ነገር እንዳልነበረው ነው የሚመልሱት። ጥሪው ቀረ። ዩኒቨርሲቲውም ገንዘብ አጥሮት ስለነበር ወቅቱ እንዳለቀ ፉትቦሉን ዘጋ። ከዚያ ቡድን ውስጥ ማትሰን፣ ጂኖ ማርኬቲና ቦብ ሴንት ክሌር በፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ ስማቸው ገብቷል። ቶለር በ1965 የፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ የኤንኤፍኤል፣ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነ። ለቡድኑ ዜና ይጽፍ የነበረው ወጣት ፒት ሮዜል ከ1960 እስከ 1989 የኤንኤፍኤል ኮሚሽነር ነበር። አንድም ሽንፈት የሌለው፣ እነዚህን ሁሉ የያዘ ቡድን ነው አንድ ቦውል እንኳ ሳይቀበለው የቀረው።

> ሽንፈት ያልነበረበት ቡድን ሁለት ልጆቹን አልተውም ስላለ ቤቱ ቀረ።

እነሱ ብቻ አልነበሩም። በ1948 ላፋዬት የተባለው የፔንሲልቬኒያ ኮሌጅ፣ ጥቁሩ ተጫዋቹ ዴቪድ ሾውል እንዲሰለፍ ስላልተፈቀደለት ኤል ፓሶ ላይ የሚካሄደውን የሰን ቦውል ጥሪ መለሰ፤ የኮሌጁ ተማሪዎችም ተቆጥተው ሰልፍ ወጡ። በ1956 ፒትስበርግ በሹገር ቦውል ከጆርጂያ ቴክ ጋር ሊጫወት ሲል የጆርጂያው አገረ ገዢ ማርቪን ግሪፊን፣ ፒትስበርግ ጥቁሩን ቦቢ ግሪየርን ስለሚያሰልፍ ጨዋታው እንዲቀር ጠየቀ። የጆርጂያ ቴክ ነጭ ተማሪዎች ራሳቸው ወጥተው አገረ ገዢውን ተቃወሙ። ጨዋታው ተካሄደ፤ ግሪየርም በሹገር ቦውል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ።

ከዚህ በኋላም ጥሪ ከሕሊና ጋር ተጋጭቷል። በኖቬምበር 1990 የአሪዞና መራጮች የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት በዓል ይሁን የሚለውን ሐሳብ ውድቅ ሲያደርጉ፣ እዚያ የሚካሄደው ፊዬስታ ቦውል የሚፈልጋቸው ዩኒቨርሲቲዎች ሸሹት፤ በመጨረሻ የመጡለት ሉዊቪልና አላባማ ናቸው። ያኔ ጠሪው ተጨነቀ። የተጠራ ወገን አቅም እንዳለው አገሩ በግልጽ ያየው በዚያ ሳምንት ይመስለኛል።

ግሬፕቫይን ያለው ክፍል

ለብሔራዊ ሻምፒዮናነት የሚፎካከሩትን የሚመርጠው ሌላ አካል ነው። ዳላስ አጠገብ ግሬፕቫይን በምትባል ከተማ፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ 13 ሰዎች ይሰበሰባሉ። የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ክፍል ኃላፊዎች፣ የቀድሞ አሰልጣኞችና የቀድሞ ተጫዋቾች ናቸው። በ2014 ኮሚቴው ሥራ ሲጀምር የቀድሞዋ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮንዶሊዛ ራይስም አባል ነበሩ። ፊታቸው ባለው ስክሪን ላይ ሁለት ሦስት ቡድኖች ጎን ለጎን ይቀርባሉ፤ ማንን አሸነፉ፣ ተጋጣሚያቸው ምን ያህል ብርቱ ነበር፣ እርስ በርስ ተገናኝተው ከሆነስ ማን ረታ? ይከራከራሉ፣ በድምፅ ይለያሉ፣ እንደገና ይከፍቱታል።

የአሠራሩ አንድ ደንብ ዓይኔን ይስበዋል። አንድ አባል የሚሠራበት ወይም ደመወዝ የሚያገኝበት ዩኒቨርሲቲ ሲነሳ ያ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ከክፍሉ ይወጣል። ስለ ቡድኑ የሚባለውን አይሰማም፤ ድምፅም አይሰጥም። ውይይቱ ሲያበቃ ተጠርቶ ይመለሳል። የነጋዴዎቹ ኮሚቴዎች በነበሩበት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ ጥሪዎች ወቅቱ ሳያልቅ በስልክና በእራት ግብዣ ላይ ያልቁ ነበር። በ1990 በወቅቱ መካከል አንደኛ ደረጃ ላይ የነበረው ቨርጂኒያ፣ ከዚያ በኋላ ተደጋጋሚ ሽንፈት ደርሶበትም ሹገር ቦውልን አልተነጠቀም።

የግሬፕቫይኑ ደንብ ግን ዕንባን አላስቀረም። በ2023 ፍሎሪዳ ስቴት 13 ጨዋታ ሁሉንም አሸነፈ፤ ኮንፈረንሱንም በላ። ሆኖም የቡድኑ ሞተር የነበረው፣ ማጥቃቱን የሚመራው ኳርተርባክ ጆርዳን ትራቪስ በኖቬምበር እግሩ ተሰብሮ ነበር። ኮሚቴው ያለ እሱ ቡድኑ ያው አይደለም ብሎ ቦታውን አንድ አንድ ሽንፈት ላላቸው ቴክሳስና አላባማ ሰጠ። ሽንፈት የሌለበት የታላቅ ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ያኔ ለሻምፒዮናው ከሚመረጡት አራት ቡድኖች ሲቀር የመጀመሪያው ነበር። አዳራሻቸው ተሰብስበው ይጠብቁ የነበሩት ልጆች ዜናውን ሲሰሙ ካሜራው እዚያው ነበር። ለማጽናኛ ኦሬንጅ ቦውል ተሰጣቸው፤ ከ20 በላይ ተጫዋቾች ሳይሰለፉ ቀርተው በጆርጂያ 63 ለ 3 ተሸነፉ።

ኮሚቴው የተከራከረበትን መስፈርት አውቃለሁ፤ የተጎዳ ተጫዋች ሊታይ እንደሚችል በደንባቸው ተጽፏል። ቢሆንም ያ ውሳኔ ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ። ሜዳ ላይ የተገኘ ውጤት፣ ወደፊት ይሆናል ተብሎ በሚገመት ውጤት ሊሻር አይገባም ነበር። በ2024 ውድድሩ ወደ 12 ቡድን ሰፍቶ አምስት የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች ቦታቸው በደንቡ ሲረጋገጥ ከዚያ ቁስል የተማሩ ብዙዎች ናቸው ያጨበጨቡት። አዲሱ አሠራር የመጀመሪያውን ዙር ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሜዳ ወስዶ፣ ሩብ ፍጻሜውንና ግማሽ ፍጻሜውን ለስድስቱ ትልልቅ ቦውሎች አከፋፍሏል። ሮዝ ቦውል ከ1947 ጀምሮ የቢግ ቴንንና የፓስፊክ ዳርቻን ሻምፒዮኖች ሲያገናኝ የኖረበት ወግ በዚህ ቀርቷል። ፓሳዴና አሁን የሚመጣላትን ትቀበላለች።

የማይመጡ እንግዶች

ለመቶ ዓመት ያህል ጥያቄው ማን ይጠራ የሚል ነበር። ተጫዋቹ አስተያየት አይጠየቅም፤ ተጠራ ከተባለ ሻንጣውን ያዘጋጃል። ይህን የለወጠው በጃንዋሪ 2016 ፊዬስታ ቦውል ላይ የደረሰ አንድ ጉዳት ነው። የኖተርዳሙ ጄይለን ስሚዝ ለኤንኤፍኤል ቀድመው ከሚመረጡት ጥቂቶች አንዱ ይሆናል ሲባል የጉልበቱ ጅማቶች ተበጠሱ፤ ነርቩም ተጎዳ። በምርጫው ወደ ሁለተኛው ዙር ወረደ፤ የጠፋው ገንዘብ ቤተሰብ የሚለውጥ ነበር። በዓመቱ ሊዮናርድ ፎርኔትና ክሪስቲያን ማካፍሪ ከቦውል ጨዋታቸው በገዛ ፈቃዳቸው ቀሩ። ያኔ ቡድናቸውን ከዱ የተባሉት ብዙ ነው። ሁለቱም ግን በኤንኤፍኤል ምርጫ ከመጀመሪያዎቹ ስምንት ውስጥ ገቡ፤ በየዓመቱም የሚከተላቸው በዛ።

አሰልጣኞች በዚህ ያዝናሉ፤ አብሮ የጀመረ አብሮ ይጨርስ ነው የሚሉት። ወላጆች ሌላ ያያሉ። ለአራት ዓመት በነጻ ትምህርት ብቻ የተጫወተ ልጅ፣ ሆቴል ለሚሞላበትና ማስታወቂያ ለሚሸጥበት ጨዋታ ጉልበቱን አሳልፎ የመስጠት ዕዳ የለበትም። እኔ ከወላጆቹ ጋር ነኝ። ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች ከስማቸው ገቢ ማግኘት ጀምረዋል፤ ከ2025 ጀምሮም ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲከፍሏቸው ተፈቅዷል። ቡድን መቀየርም ቀሏል። የቦውል አዘጋጅ የቡድን ስም ሲጠራ ከስሙ ጋር ማን ማን እንደሚመጣ እርግጠኛ መሆን አይችልም።

በዲሴምበር 2025 ነገሩ ከተጫዋች ወደ ቡድን ተሻገረ። ኖተርዳም አሥር አሸንፎ ሁለት ብቻ ተሸንፎ ከ12ቱ ሲቀር፣ በወቅቱ መጀመሪያ እሱን ያሸነፈው ማያሚ ግን ሲገባ፣ ተጫዋቾቹና ዩኒቨርሲቲው ምንም ቦውል አንጫወትም አሉ። አዮዋ ስቴትና ካንሳስ ስቴትም፣ አሰልጣኞቻቸው የተቀየሩባቸው፣ ጥሪውን አልቀበልም ብለው በኮንፈረንሳቸው እያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ተቀጡ። ክፍት ቦታውን ለመሙላት አምስት ወዳሸነፉት ሲደወል ከእነሱም በርካቶቹ ይቅርብን አሉ። የፈተና ሳምንት ነው፣ አሰልጣኝ የለንም፣ የሚሰለፍ አልቀረም የሚሉ ምክንያቶች ተሰሙ።

በመጨረሻ እሺ ካሉት አንዱ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች መካከል ያለው አፓላቺያን ስቴት ነው። እንዲህ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ አሰልጣኞች የትልልቆቹ እምቢታ አያስቀናቸውም። ቦውል ለእነሱ ሳምንታት የሚቆይ ተጨማሪ ልምምድ ነው፤ ሌላ ጊዜ አገር በማያያቸው ቴሌቪዥን ሦስት ሰዓት ነው፤ ከተመራቂዎቹ አብዛኞቹ ደግሞ ኤንኤፍኤል የማይገቡ፣ ከዚህ በኋላ መለያ የማይለብሱ ልጆች ናቸው። ለእነዚህ ልጆች ስልኩ ሲደወል አምስተኛ ተመራጭ መሆናቸውን የሚጠይቅ የለም፤ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ነው የሚጠይቁት።